ከብት የማይበላው ዛፍ

ለቴሌቪዥን የተዘጋጀ ዘጋቢ ፕሮግራም፤ የትረካ ጽሑፍ

(ምስል፦ ከወረታ ወደ አዲስ ዘመን የሚወስደው አውራ ጎዳና፤ የጣና ምሥራቃዊ ሜዳ፤ በስተኋላ የይፋግ ከተማ። ሙዚቃ የለም፤ የነፋስና የከብት ድምፅ ብቻ።)

ተራኪ፦

ከባሕር ዳር ተነሥቶ የጣናን ሐይቅ በስተግራው እያደረገ ወደ ጎንደር የሚጓዝ መንገደኛ፣ የወረታን ከተማ ካለፈ በኋላ፣ በክረምት ውኃ የሚተኛበት፣ በበጋ ደግሞ ክንድ እስኪያስገባ ድረስ የሚሰነጣጠቅ የጥቁር ዋልካ ሜዳ በግራም በቀኝም ተንጣሎ ያገኘዋል፤ ሜዳው አልቆ የሊቦ ከምከም ኮረብቶች ከሚነሡበት ሥፍራ አጠገብም ይፋግ ትታየዋለች። ዛሬ ብዙው ተሽከርካሪ ፍጥነቱን ጥቂት ብቻ ቀንሶ የሚያልፋት ይህች ትንሽ ከተማ፣ ነገሥታቱ በጎንደር በተቀመጡበት ዘመን፣ ከዚያም በኋላ በዘመነ መሳፍንት፣ ስሟ በሲራራ ነጋዴ ሁሉ አፍ የሚጠራ ገበያና የቀረጥ በር ነበረች። በዚያ ዘመን ያለፉ የአውሮፓ መንገደኞች ገበያዋን ብቻ ሳይሆን በዚህ አካባቢ ይለማ የነበረውን የወይን ተክልም አንሥተው ጽፈዋል። ዛሬ የሜዳው ዝና ሩዝና ሽንኩርት ሲሆን፣ ቤተ ክርስቲያንም ለቁርባን የምታቀርበውን ወይን ከዘቢብ ታዘጋጃለች። ወይን የሚያህል፣ እንክብካቤ ካልተለየው በቀር የማይኖር ተክል በዚህ ምድር ለምቶ እንደ ነበረ ማወቁ ግን ለምንጀምረው ነገር ይጠቅመናል፤ የዚህ ሀገር ሰው ተክል መንከባከብን ከማንም ሊማረው የሚገባ አዲስ ነገር አይደለምና።

የተሰጠን ትእዛዝ አጭር ነበረ። ገበሬ በይዞታው ላይ ዛፍ ተክሎ እንዴት እንደሚያሳድገው፣ ከችግኝ ጣቢያ እስከ ጓሮ ድረስ ተከትለን እንድናሳይ ነው።

(ምስል፦ ካሜራው ከሜዳው ወደ መንደሩ፣ ከመንደሩ ወደ ኮረብታው ቀስ ብሎ ይወጣል።)

ተራኪ፦

በዚህ አካባቢ ዓይን የሚያርፍበት አረንጓዴ ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው በየቤቱ ዙሪያና በየይዞታው ድንበር ጦር የተማዘዘ ሠራዊት መስሎ የቆመው ባሕር ዛፍ ነው፤ ሁለተኛው በእርሻውና በግጦሹ መካከል እዚህም እዚያም ለብቻው የቀረው ግራርና፣ ገበሬው ለፍሬውና ለሣንቃው ሲል በማረሻው ዞሮ ያለፈው ዋንዛ ነው፤ ሦስተኛው ከሁለቱም የጠቆረው፣ ከኮረብታው ጫፍ ላይ ክብ ሠርቶ የተቀመጠው፣ በመካከሉም የቆርቆሮ ጉልላት የሚያበራው የደብር ዐጸድ ነው። የመጀመሪያውን ገበሬው በእጁ ተክሎታል፤ ሁለተኛውን አልተከለውም፣ ነገር ግን አልቈረጠውም፤ ሦስተኛውን ማን እንደ ተከለው የሚያውቅ ሰው በሕይወት የለም። በደቡብ ጎንደር ብቻ እንዲህ ያሉት አብያተ ክርስቲያናት ከ1,000 በላይ ናቸው።

ስለ ሦስተኛው አረንጓዴ ሲነገር የኖረ አንድ ታሪክ አለ። ታሪኩ፣ ሰሜኑ ኢትዮጵያ ከዳር እስከ ዳር በደን ተሸፍኖ እንደ ነበረ፣ በአባቶቻችን ዘመን ሁሉም እንደ ተጨፈጨፈ፣ ከዚያም ጥፋት የተረፈው በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ ያለው ብቻ እንደ ሆነ ይናገራል። ነገሩ ለሰሚው ያሳዝናል፣ ለተናጋሪውም ይመቻል፤ በየስብሰባው ሲደጋገም ኖሯል። ጄምስ ማካን የተባሉት የኢትዮጵያን የእርሻ ታሪክ ያጠኑ አሜሪካዊ ሊቅ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1997 ባወጡት ጽሑፍ ይህን ትረካ መርምረው፣ ማስረጃው ከሚነገረው እጅግ ያነሰ መሆኑን አሳይተዋል። ከእሳቸው ጽሑፍ በኋላ ደግሞ፣ ማንም ያልጠበቀው ምስክር ከአንድ መሥሪያ ቤት መደርደሪያ ወጣ።

(ምስል፦ ጥቁርና ነጭ የአየር ፎቶግራፍ፤ በሰሌዳ ላይ የተለጠፉ ምስሎች አንድ በአንድ። እያንዳንዱ ቢያንስ ዐሥር ሴኮንድ ይቆይ።)

ተራኪ፦

ተመልካቾቻችን ይህን ምስል በጥሞና እንዲያዩት እንለምናለን፤ በዝግጅታችን ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ መዝገብ የለንምና።

የፋሺስት ኢጣልያ አውሮፕላኖች በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1935 እስከ 1941 ድረስ በሀገራችን ሰማይ ላይ እየተመላለሱ መሬቱን ፎቶግራፍ ያነሡ ነበር። ካሜራው በአንድ ጊዜ አንዱን ቀጥታ ወደ ታች፣ ሌሎቹን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ዘንበል አድርጎ ይቀርጽ ስለ ነበር፣ ከአንድ ቦታ የተነሡት ምስሎች ታጥበው ርዝመቱ 50፣ ወርዱ 20 ሴንቲሜትር ግድም በሆነ ጠንካራ ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን ይለጠፋሉ። እንዲህ ያሉ 8,281 ሰሌዳዎች፣ በእነሱም ላይ 34,000 ያህል ፎቶግራፎች፣ በአዲስ አበባ በካርታ ሥራ ድርጅት ዘንድ ለብዙ ዘመን ተቀምጠው ኖሩ፤ በኋላ የቤልጅግ አገር የጌንት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው ጋር አቧራቸውን ጠርገው፣ አንድ በአንድ በኮምፒዩተር አስገብተው፣ እያንዳንዱ ምስል የትኛውን ተራራና የትኛውን ወንዝ እንደሚያሳይ ለይተው አወጡት።

ይህን መዝገብ ስናይ ኅሊናችን ይከፈላል። እነዚህን ምስሎች ያነሣው መንግሥት በሕዝባችን ላይ የመርዝ ጋዝ ያዘነበው ነው፤ ከአየር ላይ ሆኖ የሚያየውም ካርታ ሊሠራበትና አርበኛውን ሊያሳድድበት እንጂ የሊቦ ገበሬ ስንት የዋንዛ እግር እንዳለው ሊቈጥር አልነበረም። ነገር ግን ያ ክፉ ዓይን ያየውን ሁሉ ሳይመርጥ ቀርጾታልና፣ ከሰማንያ ዓመት በኋላ ስለ ዛፎቻችን ከሁሉ ይልቅ የታመነው ምስክር እሱ ሆነ። እነሆ ቅርጹ፤ ጎጆዎቹ፣ የእርሻው መስመር፣ ከኮረብታው ጫፍ ላይ ያለው ጥቁር ክብ። አሁን ደግሞ በቅርብ ዓመታት ከሳተላይት የተነሣውን በዚያው ላይ እናነጥፈዋለን።

(ምስል፦ የ1938 የአየር ፎቶግራፍ ቀስ እያለ በሳተላይት ምስል ይተካል። ትረካው ዐሥር ሴኮንድ ይቁም።)

ተራኪ፦

በደቡብ ጎንደር የሚገኙትን የደብር ደኖች በፈረንጆች አቆጣጠር በ1938 ከተነሡት ምስሎች እስከ 2015 ድረስ ያነጻጸሩት አጥኚዎች ያገኙት ነገር ሲነገር የኖረውን ታሪክ ያናውጠዋል። ጥቁሩ ክብ በአብዛኛው እንዳለ አለ፤ ጨርሶ ያልጠበበው ብዙ ነው፣ የሰፋም ይገኝበታል። በ1938ም ቢሆን በዙሪያው ያለው ምድር አስቀድሞ እርሻና ግጦሽ ነበረ። የተለወጠው ሌላ ነው። በዚያ ዘመን በደኑና በእርሻው መካከል ደደሆው፣ ቀጋው፣ አጋሙና ሌላው ቍጥቋጦ እየተቀላቀለ የሚያልፍበት ለስላሳ ዳርቻ ነበረ፤ ያ ዳርቻ ተመንጥሮ ማረሻው ከትልልቆቹ ዛፎች ግንድ ድረስ ቀርቧል። ሁለተኛው ለውጥ ከላይ ለሚያይ ሰው በቀላሉ የማይታይ ነው፤ የሰፋው ክብ ሁሉ የሀገር ዛፍ አይደለም፣ በዐጸዱ ዳር የገባው ባሕር ዛፍም አብሮ ተቈጥሯል።

እንግዲህ አባቶቻችን ደን ጨፍጫፊዎች ነበሩ ብለን የምንከሳቸውን ክስ ጥቂት ልናላላው ይገባናል። ቢያንስ በዚህ አገር፣ ያገኙትን ክብ በዚያው መጠን አስረክበውናል።

(ምስል፦ የደብር ዐጸድ ከውስጥ፤ የጽድ ግንድ፣ የወይራ ሥር፣ በቅጠሉ መካከል የሚወርድ ብርሃን። የጉሬዛና የአእዋፍ ድምፅ።)

ተራኪ፦

ኦሪት ዘፍጥረት አዳም በገነት የተቀመጠበትን ምክንያት ስትናገር ሥራውን ለሁለት ትከፍለዋለች፤ ምድሪቱን ማበጀትና እሷን መጠበቅ። ካህናቱ ዐጸዱን የገነት አምሳል አድርገው ሲያስተምሩ ይህን ቃል መነሻ ያደርጋሉ፤ በዚያ ጥላ ሥር የአብነት ተማሪው ዜማውን ያጠናል፣ ባሕታዊው ይሰወራል፣ ምእመኑም ሲሞት ከዛፉ ሥር ያርፋል። ዘመናዊው ሳይንስ ወደዚህ ዐጸድ ዘግይቶ ነው የገባው፤ ሲገባ ግን ከሀገሩ ልጅ ጋር ገባ። እመጓንና ዝጎራን ጽፎ በአንባቢ ዘንድ የተወደደው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በሙያው የደን ሊቅ መሆኑን ከልብ ወለዶቹ አንባቢዎች ስንቱ ያውቅ ይሆን? የዶክትሬት ጥናቱን በፈረንጆች አቆጣጠር በ2007 በኔዘርላንድ የዋኅኒንገን ዩኒቨርሲቲ ሲያጠናቅቅ፣ ርእሱ የነበሩት እነዚህ የደቡብ ጎንደር ደብሮች ናቸው። በ28 አብያተ ክርስቲያናት፣ ትንሹ ሁለት ሄክታር በማይሞላ፣ ትልቁ 100 ሄክታር በሚደርስ ዐጸድ ውስጥ እየዞረ 168 ዓይነት እንጨታማ ዕፀዋትን መዘገበ፤ ከነዚህም 160ው የሀገር ተወላጆች ናቸው። ገበሬው በአብዛኛው ባሕር ዛፍን ብቻ በሚተክልበት አውራጃ ውስጥ፣ በጥቂት መቶ ሄክታር ላይ ይህን ያህል ዘር ተጠብቆ መገኘቱ ሐመረ ኖኅን ያሳስባል።

ከጥናቶቹ መካከል ሁለቱ ለእኛ ጉዳይ ከሌላው ሁሉ ይበልጣሉ።

የመጀመሪያው በአፈር ውስጥ ስላለ ዘር ነው። ዶክተር ዓለማየሁ ከታወቁት የደን ሊቅ ከደመል ተክታይ ጋር ሆኖ ከደብሮቹ ዐጸድ አፈር እየቈፈረ በማስበቀል ሲመረምር፣ የሣርና የአረም ዘር በብዛት ተገኘ፤ ከላይ ቆመው ከሚታዩት ታላላቅ ዛፎች የአብዛኞቹ ዘር ግን በዚያ አፈር ውስጥ አልነበረም። የእነዚህ ዛፎች ዘር ተቀብሮ ዘመን የሚጠብቅ አይደለም፤ በወደቀበት ዓመት ወይ ይበቅላል፣ ወይ ይበሰብሳል፣ ወይ ይበላል። ስለዚህ እናት ዛፉ ከተቈረጠ በኋላ መሬቱን አጥሮ መጠበቅ ብቻውን የሚመልሰው ነገር ጥቂት ነው፤ የሰው እጅ ተሸክሞ ማምጣትና መትከል አለበት።

ሁለተኛው ከብትን ይመለከታል። በደኑ ውስጥ አንዳንዱን መደብ አጥሮ፣ ሌላውን ክፍት ትቶ፣ እንደ ጽድና ወይራ ያሉ የሀገር ዛፎች በሁለቱም እንዴት እንደሚበቅሉ ሲከታተል፣ በታጠረው መደብ ቡቃያው ነፍስ ዘራ፤ ባልታጠረው ግን የተረገጠው ተረግጦ፣ የተቀነጠበው ተቀንጥቦ ቀረ። ደኑ ከላይ ሲያዩት ግርማ አለው፤ ከሥሩ ግን ወራሽ የለውም። አያቶችና ቅድመ አያቶች ተሰብስበው፣ አንድም ሕፃን የማይታይበት ቤት ምን ተብሎ ይጠራል?

መድኃኒቱ በዚያው በየእርሻው ላይ ተበትኖ ይገኝ ነበር። አሜሪካዊቷ የደን ሊቅ ማርጋሬት ሎውማን ከዶክተር ዓለማየሁ ጋር ሆነው ካህናቱን ሰብስበው ከሰማይ የተነሡትን የደብሮቻቸውን ምስሎች ባሳዩአቸው ጊዜ፣ ዕድሜአቸውን ሁሉ ከሥሩ ሆነው ያዩት ዐጸድ ከላይ ሲታይ በሰፊ እርሻ መካከል የቀረ ቁራጭ መሆኑን ካህናቱ በዓይናቸው አረጋገጡ። ከዚያ በኋላ ደብረ ሰናን በመሳሰሉ ደብሮች በዐጸዱ ዙሪያ የድንጋይ ካብ መሥራት ተጀመረ። ድንጋዩ የመጣው ከገበሬው ማሳ ነው፤ ማሳው ከድንጋይ ጸዳ፣ ማረሻው ከመሰበር ዳነ፣ ደኑም አጥር አገኘ። አንድ ድንጋይ ሦስት ወገን ሲጠቅም በዘመናችን ብዙ ጊዜ አናይም፤ ስለዚህ ይህን ሥራ ከልብ እናደንቃለን።

 

(ምስል፦ የገበሬ ጓሮ፤ የባሕር ዛፍ ተራ፤ አጣና የጫነ አህያ፤ የገበያ ድምፅ።)

ተራኪ፦

አሁን ከኮረብታው ወርደን ወደ ገበሬው ይዞታ እንግባ።

ባሕር ዛፍ ከአውስትራልያ ተነሥቶ ኢትዮጵያ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ ዓመተ ምሕረት ማብቂያ ግድም ነው፤ ያስመጣው ሞንዶን ቪዳሌ የተባለ የንጉሠ ነገሥቱ አማካሪ የነበረ ፈረንሳዊ እንደ ሆነ ይነገራል። አዲስ አበባ በማገዶ እጦት ተጨንቃ ቤተ መንግሥቱን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ ማሰብ ተደርሶ በነበረበት ሰዓት፣ ፈጥኖ የሚያድገው ይህ እንግዳ ዛፍ ከተማይቱን ካለችበት አስቀራት። ከዚያ ወዲህ በደጋውና በወይና ደጋው ሁሉ ተሠራጭቶ፣ ነጩ በደብረ ታቦርና በጉና ዳርቻ፣ ቀዩ በዝቅተኛው ሜዳ፣ የገበሬው ባንክ ሆኗል።

ሊቃውንቱ ብዙ ይወቅሱታል፤ የእርሻውን ውኃ ይጠጣል፣ ከሥሩ እህል አያበቅልም፣ ጎረቤትን ከጎረቤት በድንበር ያጣላል ይላሉ፤ ይህ ሁሉ እውነትነት አለው። ገበሬውን ግን ስለ ምን ተከልኸው ብሎ መጠየቅ የመጀመሪያው ጨዋነት ነው። በአምስትና በስድስት ዓመት ለአጣና ይደርሳል፤ ሲቈርጡት ከጉቶው ዳግመኛ ያቈጠቍጣል፤ ለቤት ማገር፣ ለልጅ ሰርግ፣ ለማዳበሪያ ዕዳ፣ ሲያስፈልግም እስከ ሱዳን ድረስ ለሚወስደው ነጋዴ ይሸጣል። ከሁሉ የሚበልጠው ምክንያት ግን በመጻሕፍት እንደሚገባው ጎልቶ አልተጻፈም፤ ባሕር ዛፍን ከብት አይበላውም።

ይህ ምን ያህል ነገር እንደሚወስን ለማስተዋል የይፋግን የዓመት ሥርዓት ማወቅ ያስፈልጋል። ይህ ሜዳ የታወቀው የፎገራ ከብት አገር ነው። እህሉ በማሳው ላይ ሳለ ማሳው የባለቤቱ ነው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ አዝመራው ተሰብስቦ አውድማ ከገባ በኋላ ግን ቃርሚያውና ገለባው ያለው መሬት ለሁሉም ከብት ክፍት ይሆናል፤ በሬውም ላሙም ፍየሉም ድንበር ሳይጠይቅ ይሠማራል። በሐምሌ የተተከለ የዋንዛ ችግኝ በዚያ ጊዜ ቁመቱ ከጕልበት አያልፍም፤ ለምለም ቅጠል ሁሉ በደረቀበት ወቅትም እሱ ብቻውን አረንጓዴ ሆኖ ቆሞ ይገኛል። ያልታጠረው ችግኝ ለዚያ መንጋ የታጨ መኖ ነው። በዚህ ሥርዓት ውስጥ የሚኖር ገበሬ ከብት የማይደፍረውን ዛፍ መርጦ ሲተክል ተፈጥሮን ጠልቶ አይደለም፤ ያለ አጥር የሚያድግለትን መምረጡ ነው። ከጣና ማዶ በአዊ ያሉት የፋግታ ለኮማ ገበሬዎችም በይዞታቸው ላይ ዲከረንስ የሚባለውን የውጭ ግራር እየተከሉ ለከሰል ማሳደጋቸው ከዚሁ ከፈጥኖ ደራሽነት ሒሳብ የሚርቅ አልነበረም።

(ምስል፦ የችግኝ ጣቢያ፤ በጥቁር ፕላስቲክ ከረጢት የተደረደረ ችግኝ፤ የውኃ ማጠጫ ድምፅ።)

ተራኪ፦

የተከላውን ሥራ ብዙው ተመልካች ያውቀዋልና ባጭሩ እንለፈው። ዘሩ በበጋ በመደብ ላይ ይፈሳል፤ በደለል፣ በአሸዋና በፍግ በተሞላ የፕላስቲክ ከረጢት ይዛወራል፤ ክረምቱ እስኪገባ ድረስ በዳስ ጥላ ሥር ይጠጣል። የወይራ ዘር ጠንካራ ቅርፊቱን ካልሰነጠቁለት ይዘገያል፤ ጽድ ደግሞ የተከለውን ሰው ሳይሆን ልጁን የሚጠቅም ነው። ጉድጓዱ ከዝናብ አስቀድሞ ተቈፍሮ የላዩና የታቹ አፈር ለየብቻ ይቀመጣል፤ ሲመልሱ የላዩ ከሥር ይገባል። ከረጢቱ ሳይቀደድ የተተከለ ችግኝ ሥሩ በራሱ ላይ ተጠምጥሞ ታንቆ ይቀራል። በይፋግ ዋልካ ላይ ደግሞ ሌላ ብልሃት ያስፈልጋል፤ ውኃ በሚተኛበት ጉድጓድ የተተከለ ችግኝ በነሐሴ ሥሩ በስብሶ ይሞታልና፣ አፈሩን ከፍ አድርጎ በጕብታው ላይ መትከል ይገባል።

ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በመላ ሀገሪቱ በአንድ ቀን ብቻ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ እንደ ተተከለ መንግሥት አስታውቋል። የሕዝብ መነሣሣት ሆኖ ሲታይ የሚያስደንቅ ቀን ነበር። ከዚያ ቀን የቀረው የምስል ክምችት እጅግ ብዙ ነው፤ ባለሥልጣኑ፣ ተማሪው፣ ወታደሩ፣ ሁሉም አካፋ ይዞ ይታያል። በተከታዩ ጥር ከዚያው ጉድጓድ ላይ የተነሣ ምስል በፈለግን ጊዜ ግን ክምችቱ እጅግ ሳሳብን። ጕድለቱ የካሜራ ብቻ አይመስለንም።

ከዚህ ይልቅ የጥንቱ ወግ ይጠቅመናል። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን ከወፍ ዋሻ የጽድ ዘር አስመጥተው የመናገሻን ተራራ እንዳስተከሉ ይተረካል፤ ያ ደን ዛሬም መናገሻ ሱባ ተብሎ ቆሞ ይታያል። ወጉን የሚተርክ ሁሉ በንጉሡ አስተካከል ይደነቃል። እኛ ግን ከእሳቸው በኋላ ነገሥታትና ሥርዓታት እየተለዋወጡ፣ ጦርና ረኀብ እየተፈራረቀ፣ ያን ተራራ ከፍየልና ከመጥረቢያ ሲጠብቁ የኖሩትን ስማቸው ያልተጻፈ ሰዎች ማሰብ ይቀናናል።

(ምስል፦ ሜዳው በበጋ፤ የተሰነጠቀ ዋልካ፤ ለብቻው የቆመ ግራር። ምንም ድምፅ አይግባ።)

ተራኪ፦

ጽሑፋችንን እስከዚህ ካደረስን በኋላ አንድ የሕክምና ጥናት ተመለከትንና፣ ለመጨረሻው ክፍል አዘጋጅተነው የነበረውን ስለ ዛፍ ጥላ የሚናገር ውዳሴ ለማውጣት ተገደድን።

በ1997 ዓ.ም. በዚሁ በሊቦ ከምከም ወረዳ ትኩሳቱ የማይለቅ፣ ሆድን የሚነፋ፣ ሰውነትን የሚያመነምን በሽታ ተነሣ። አስቀድሞ መድኃኒት የማይበግረው ወባ ተብሎ ተጠርጥሮ ነበር፤ ሲመረመር ግን በእነ መተማና ሑመራ ቆላ ይታወቅ የነበረው፣ በዚህ ደጋ ግን ያልተለመደው ካላ አዛር ሆኖ ተገኘ። ወደ ቆላ ለአጨዳ ወርደው በተመለሱ የቀን ሠራተኞች ሳይመጣ እንዳልቀረ ይታመናል። ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን በአዲስ ዘመን ሕክምና ከፍቶ ብዙ ሰው አዳነ፤ ሕክምናው ሳይደርስላቸው ያለፉትም ብዙዎች ናቸው። በኋላ የታመሙትን ካልታመሙት ጋር ያነጻጸሩ ሐኪሞች ለበሽታው ከሚያጋልጡት ነገሮች መካከል ሌሊት ከቤት ውጭ ማደርንና ቀን ከግራር ሥር መተኛትን ቈጠሩ።

ከግራር ሥር። ከብት ጠባቂው ልጅ የቀትር ፀሐይ ሲበረታበት የሚጠለልበት፣ በዚያ ሜዳ ላይ የቀረው ጥላ እሱ ብቻ ነው። በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ በዋልካው ስንጥቅና በግራሩ አካባቢ መኖር ይስማማታል፤ በሱዳን ያሉ ተመራማሪዎችም ይህችን ዝንብ ከጥቁር አፈርና ከግራር ጋር አያይዘው ጽፈዋታል። ግራሩ በደለኛ አይደለም፤ ቢቈረጥም ስንጥቁ ከነዝንቡ ይቀራል፣ ሜዳውም ያችኑ ጥላ ያጣል። ዘፍጥረትን ጠቅሶ፣ የደብርን ገነትነት አድንቆ የመጣ ተራኪ ግን እዚህ ላይ ድምፁን ዝቅ ማድረግ ይገባዋል፤ ዛፍ ሁሉ በየስፍራው ለሰው ደግ ነው ብለን አንፈርምም። የጤና ሠራተኞቹ የሚመክሩት በአጎበር ሥር መተኛትን፣ ደጅ ከማደር መጠንቀቅን፣ ትኩሳቱ ሲዘገይም ወደ ጤና ጣቢያ ፈጥኖ መሄድን ነው። ከዚህ ውጭ ለእረኛው የሚሰጡት ሌላ ጥላ የላቸውም።

(ምስል፦ በእሾህ የታጠረ የዋንዛ ችግኝ፤ ከዚያ የደብር የድንጋይ ካብ፤ ከዚያ ተመልሶ ጠፍጣፋው ሜዳ።)

ተራኪ፦

በቀረን ጥቂት ደቂቃ ወደ አጥሩ እንመለስ። በይፋግ ሜዳ ላይ አንድ ገበሬ ዋንዛውን ከከብት ሊያድን ሲፈልግ የቀረበው እሾህ ያው የግራሩ ቅርንጫፍ ነው፤ አንድ ዛፍ ለማሳደግ ሌላውን ይመለምላል፣ እሾሁም በሁለት ክረምት ውስጥ ምስጥ በልቶት ይፈርሳል። ልቅ ግጦሽን የሚከለክል ደንብ በየቀበሌው ሲወጣ እንሰማለን፤ ደንቡ የጸናበት ቦታ ችግኙ ጸንቷል፣ ይሁን እንጂ መሬት የሌለው ባለ ሁለት ላም ድኻ በዚያ ደንብ ላሞቹን የት እንደሚያሰማራ መልስ ሳያገኝ የጸና ደንብ አላየንም። የደብሮቹ የድንጋይ ካብ ከሁሉ የሚበልጥ አጥር ነው፤ እሱም ቢሆን ድንጋይ የሚበቅልበት የኮረብታ አገር ነገር ነው። በዚህ ሜዳ፣ ወንዞቹ ዘመን ሁሉ ደለል ሲያነጥፉበት በኖሩበት ዋልካ ላይ፣ ካብ የሚሆን ድንጋይ የለም።

ስለዚህ ለሜዳው ገበሬ የሚቀረው ሕያው አጥር ነው፤ ከብት የማይደፍረው ቅንጭብና ሰንሰል። ቅንጭቡ ከቅርንጫፉ ተቈርጦ በመስመር ይሰካል፤ ሲያድግ ይጠጋጋል፤ ሲቈርጡት የሚወጣው ነጭ ወተት ዓይን ስለሚያቃጥል ፍየልም ሰውም ይሸሸዋል። ለከብት እንቢ የሚል ግድግዳ እስኪሆን ድረስ ግን ከአንድ ክረምት በላይ ይፈልጋል፤ በዚያ ሜዳ ላይ የሀገር ዛፍ ሊተክል የተነሣ ሰው በመጀመሪያው ሐምሌ የሚተክለው አጥሩን ሲሆን፣ የዋንዛው ችግኝ በጣቢያው ከረጢት ውስጥ ሆኖ የሚቀጥለውን ዓመት ዝናብ ይጠብቃል።

(ምስል ይቈረጣል። የአዘጋጆች ስም።)